የፍሩትላንድስ ማዕድና የሉዊዛ ሜይ ኦልኮት ትረካ

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ፣ ሃርቫርድ በምትባል የገጠር ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጁን 1843 ዓ.ም. የተመሠረተው የፍሩትላንድስ ማኅበር ዕድሜው ሰባት ወር ያህል ብቻ ነበር። መሥራቾቹ ብሮንሰን ኦልኮትና እንግሊዛዊው ቻርልስ ሌን አዲስ ኤደን ለማቆም አስበው፣ ሥጋንና ዓሣን ብቻ ሳይሆን ወተትን፣ ቅቤን፣ እንቁላልን፣ ሻይንና ቡናን ጭምር ከማዕዳቸው አራቁ። ይህን ጾም ማለት አይገባም፤ ጾም መያዣና መፍቻ ሲኖረው፣ የእነርሱ ሕግ ግን ፍስክ አልነበረውም።

የኦልኮት ልጅ ሉዊዛ በዚያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ነበረች። በ1873 ዓ.ም. «ትራንሴንደንታል ዋይልድ ኦትስ» በሚል ርእስ ባሳተመችው አጭር ትረካ የሰዎቹን ስም ለውጣ ታሪኩን በፌዝ አቀረበችው። በእንግሊዝኛ የዱር ሲናር መዝራት ማለት የወጣትነት ስሕተት ማለት ስለሆነ፣ ርእሱ ራሱ ፍርድ ነው።

የትረካው ብርታት የሥራውን አከፋፈል በመግለጡ ላይ ነው። እንስሳ እንዳይደክም ተብሎ እርሻው በአካፋ ተጀመረ፤ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ግን ጥማድ መጣ፣ ከጥማዱም አንደኛዋ ላም ነበረች። መከር ሲደርስ ወንዶቹ ትምህርታቸውን ለመስበክ ሄዱ፤ ገብሱንም ዝናብ ሳይቀድመው የሰበሰቡት እናቲቱና ልጆቹ ናቸው። በቦታው የጭነት ከብት አለ ወይ ተብላ ስትጠየቅ፣ እናቲቱ ያለችው አንዲት ሴት ብቻ መሆንዋን ትመልሳለች። ከበሬው ጫንቃ የተነሣው ቀንበር ወዴት እንደ ሄደ ከዚህ ይልቅ አጭር ማስረጃ አይገኝም።

ይሁን እንጂ ፌዙ ከልኩ ያልፋል። ማኅበሩ ጥጥን የከለከለው የባሪያ ጉልበት ፍሬ ስለሆነ ነው፤ ደራሲዋ ግን ይህን ከሐር ትልና ከበግ ጠጉር ጋር በአንድ ረድፍ አስቀምጣ ታሥቅበታለች። በሌላ በኩል ጥፋቱን ሁሉ በሌን አምሳል በተሣለው ሰው ላይ ጭና፣ አባትዋን በርኅራኄ ታልፈዋለች፤ እርሱም ከሰባኪዎቹ አንዱ ነበር።

እንግዲህ የልጅነት ትዝታና የልጅ ፍቅር የተቀላቀሉበት ይህ ትረካ ስለ ማኅበሩ እምነት በጥንቃቄ ሊጠቀስ ይገባዋል። ስለ ማዕዱ ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ የማኅበርን ምግብ የሚያጠና ሰው ምን እንደ ተበላና ምን እንደ ተከለከለ ከመመዝገቡ ጋር፣ ማን እንዳመረተውና ማን እንዳበሰለው መጠየቅ እንዳለበት ያስተምራል።