ክፉዋ አክስት ትውጣ

በሰው ቤት ስላደገች ልጅ ረቂቅ ጽፎ የሚያሳየኝ ጀማሪ ደራሲ ሁሉ፣ አንዲት ክፉ አክስት ይዞ ይመጣል። አክስቲቱ ትደበድባለች፣ ትርፍራፊ ታበላለች፣ የሟች እህቷን ልጅ በሌሊት ውኃ ትሰዳለች። አንባቢ ያለቅሳል፤ እንባው ግን ቀጣዩ ገጽ ሳይገለጥ ይደርቃል። እኔ ለወጣቶች ስጽፍ መጀመሪያ የማስወጣው ይህችን ሴትዮ ነው። ጨካኝ አሳዳጊ የለችም ማለቴ አይደለም፤ ሞልታለች። ነገር ግን ክፉ ቤት የገባች ልጅ ልቧ አይከፈልም፦ ትጠላለች፣ ዕድል ካገኘች ትጠፋለች። ጭንቁ ደግ ቤት የገባችው ልጅ ላይ ነው። እሷ የውለታ ዕዳ አለባት። መቀየም አትችልም፤ እናቷን ስትናፍቅ እንኳ ያበሏትን የካደች ይመስላታል።

የምጽፈው ስለ ነቀምቴ፣ የድሮ ሰው ባኬ ጃማ ስለሚላት ከተማ ነው። እዚህ በሰው ቤት ማደግ ብርቅ አይደለም። ከጊዳ፣ ከአርጆ፣ ከሲቡ ሲሬ ገጠር የሚመጡ ተማሪዎች ዘመድ ቤት ተቀምጠው ይማራሉ። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ከካማሺ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ከተማዋ ሲጎርፍም፣ መጠለያ ያልገባው ዘመድና ወዳጅ ቤት ገብቷል። ጉዲፈቻ ደግሞ ከሁሉም የጠበቀ ነው። በኦሮሞ ሥርዓት ሽማግሌ ፊት ተመርቆ የገባ ልጅ የቤቱ ልጅ ነው፤ እንደ አብራክ ክፋይ ይወርሳል፣ የመጣበትን ማንሳትም ነውር ነው።

ነውርነቱ ለልጁ ጥሩ ነው፤ ለደራሲ ግን ፈተና። በውጭ አገር መጻሕፍት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ልጁን በመኪና አምጥታ ታስፈርማለች፣ ቀን ትቆርጣለች፣ ተመልሳ ትጠይቃለች። የእኔን ልጅ ያመጣት አጎቷ ነው። በአውቶቡስ መጥቶ፣ ቡናውን እስከ በረካ ጠጥቶ፣ መርቆ ሄደ። እስከ መቼ እንደምትቆይ እሱም አልተናገረ፣ የቤቱም ሰው አልጠየቀ፤ መጠየቅ ‘መቼ ትወስዳታለህ?’ ማለት ይሆናላ! ያ ያልተጠየቀ ጥያቄ ልብ ወለዱን እስከ መጨረሻው ይሸከመዋል።

አሳዳጊዋ የአባቷ የአጎት ልጅ ሚስት ናት። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ልጅቷ በምንም አትጠራትም። አዳዳ እንዳትላት የአባቷ እህት አይደለችም፤ እማዬ ካለቻት እናቷን የቀበረች ይመስላታል፤ እትዬ ብትላት ደግሞ ሠራተኛ የሆነች ይመስላታል። ስለዚህ ስትፈልጋት አትጣራም። ጓዳ ድረስ ሄዳ፣ አጠገቧ ቆማ፣ ሴትየዋ ዞር እስክትል ትጠብቃለች። ይህን ለአንባቢ አላብራራም። በሰው ቤት ያደገ ገና በሁለተኛው መቆም ይነቃበታል፤ ያላደገውም ኋላ ይደርስበታል።

መስቀል ሲደርስ አንጮቴ አለ። ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተወቅጦ፣ በቅቤና በቅመም ታሽቶ ይቀርባል። ሴትየዋ ከራሷ ልጅ አብልጣ ለዚህችኛዋ ታነሳላታለች፤ ቅቤውንም በእሷ በኩል ታፈሰዋለች። ከዚህ የበለጠ ደግነት የለም። ልጅቷ ግን የሁለቱን ድርሻ በዓይኗ ለክታ ዝም ትላለች፤ አብልጠው የሚያቀርቡት ለእንግዳ ነዋ። እንግዳ መሆኗን አልጽፍም። ከድርሻዋ ቆንጠር አድርጋ ወደ ሌላዋ ልጅ ስታስጠጋ ብቻ አሳያለሁ።

ብዙ ገጽ ቆይቶ ሁለቱ ልጆች ከትምህርት ቤት አምሽተው ይገባሉ። ሴትየዋ በር ላይ ጠብቃ፣ ሳትለይ፣ በአንድ አፍ ታወርድባቸዋለች፦ «እናንተ ልጆች ልትገድሉኝ ነው?» የገዛ ልጇ ታኮርፋለች። የኔዋ ከቤቱ ጀርባ ዞራ አፏን አፍና ትስቃለች። እስከዚያ ቀን ማንም ተቆጥቷት አያውቅም፤ እንግዳን ማን ይቆጣል? ረቂቁን ያነበቡልኝ ወጣቶች ያለቀሱት እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ሙያ ከሌሎች ደራስያን ይልቅ የተማርኩት ከገጣሚው ለምን ሲሳይ ነው። ለምን በ1967 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር፣ ዊጋን አጠገብ፣ ለትምህርት ከሄደች ኢትዮጵያዊት ተወለደ። ኖርማን ተብሎ ለነጭ አሳዳጊዎች ተሰጠ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው እነሱው ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ሰደዱት። ቢሮዎች ስለ እሱ የያዙትን ፋይል ለማግኘት ለብዙ ዓመታት ታግሎ በ2015 እጁ ገባለት። እናቱ ልጇ እንዲመለስላት የጻፈችው ደብዳቤ እዚያው ውስጥ ተቀምጧል። በ2019 ባሳተመው ማስታወሻ የቢሮዎቹን ሪፖርቶች እንዳሉ አስገብቶ፣ እሱ ከሥራቸው ጥቂት ብቻ ይላል። ወረቀቱ ደረቅ ነው፤ ማዘኑን ለአንባቢው ይተውለታል።

የእኛ ልጅ ፋይል የላትም። ወረቀት ፍለጋ ብዙ ካውጠነጠንኩ በኋላ ያገኘሁት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባን ነው። ቅጹ የአባት ስም ይጠይቃል። መምህሩ፣ ክፋት ሳያስብ፣ «እህትማማች አይደላችሁም እንዴ? ስማችሁ ለምን ተለያየ?» ይላል። የአሳዳጊዋን ባል ስም ብትጽፍ ነገሩ ባጭሩ ያልቃል፤ አባቷም አብሮ ያልቃል። ለዚያች አንዲት ክፍት ቦታ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቻታለሁ። ማንም አያለቅስበትም፤ እስክሪብቶ ብቻ ነው ያለው።

ለእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ባኬ ጃማ ቀደምቶች አሏት። ኦነሲሞስ ነሲብም አስቴር ጋኖም በልጅነታቸው በባርነት ከወገን ተለይተው፣ ነፃ ወጥተው፣ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በስዊድን ሚስዮን ያደጉ ናቸው። አስቴር የኦሮሞን ተረት፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ሰብስባ ጻፈች፤ ከዚያም ከፊሉ በ1894 እ.ኤ.አ. በታተመው የንባብ መጽሐፍ ወጣ። ሁለቱም በ1904 ነቀምቴ ገብተው አስተማሩ። ይህን ሳስብ ልጄን ባዶ እጇን ከአውቶቡስ ማውረድ ተውኩ። እናቷ የነገረቻትን ሂቦ፣ ማለትም እንቆቅልሽ፣ ይዛ ትመጣለች፤ ማታ ማታ ለቤቱ ትንንሽ ልጆች ‘ሂቦ’ ትላቸዋለች፣ እነሱም ይሻማሉ። ዕቃ ከማጠብ ሌላ የምትሰጠው ነገር አገኘች።

የቀረው መጨረሻው ነው። አርታኢዎች አባትየው ተመልሶ መጥቶ እንዲያቅፋት ይወዳሉ፤ ይሸጣል መሰለኝ። ካትሪን ፓተርሰን በ1978 ባወጣችው የጊሊ ሆፕኪንስ ታሪክ ይህን አላደረገችም። ጊሊ አሳዳጊዋን መውደዷን ስታውቅ፣ ቀድሞ በገዛ እጇ የጻፈችው ደብዳቤ ሴት አያቷን አምጥቶ ከዚያ ቤት ያስወጣታል። እዚያ ላይ በደራሲዋ ድፍረት እቀናለሁ።

በእኔ መጽሐፍ አጎትየው ሳይታሰብ ተመልሶ ይመጣል። ቡና ይፈላል፣ ስለ ዝናብና ስለ በቆሎ ይወራል። ከዚያ ልጅቷን ሊወስድ እንደመጣ ይናገራል። ሴትየዋ ‘ተዋት’ ለማለት መብት የላትም፤ በአደራ የተሰጣትን ‘የኔ ናት’ ማለት አትችልም። ሲኒውን እያነሳች «ፈተናዋ እኮ ሰኔ ነው» ትለዋለች። ከዚህ በላይ አላስለምናትም።