ለግቢ ተጽፎ በግቢያችን የተነበበ

አማርኛ «ግቢ» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ያውለዋል። ተማሪው «ግቢ ገባሁ» ሲል ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ነው፤ አባቱ «ግቢውን ጥረግ» ሲለው ግን ከአጥሩ ወዲህ ያለውን መሬት ነው። ቻርልስ ስፐርጀንና ጆአን ዚመርማን እ.ኤ.አ. በ2013 በኦራይሊ አሳታሚነት ያወጡት «ኢተርኔት ስዊችስ» የተባለ ቀጭን መጽሐፍ የተጻፈው ለመጀመሪያው ግቢ ነው። እኔ ያነበብኩት በሁለተኛው ነው። ወላይታ ሶዶ፣ ዳሞታ ተራራ ከሚታይበት በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ዋናውን ቤት ከሰርቪስ ክፍሎቹ ጋር በገመድ ላገናኝ ስዘጋጅ አነበብኩት።

ሰበቡ ቀላል ነበር። የፋይበሩ ሣጥን ያለው ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው። ዋይፋዩ ሳሎን ውስጥ ይፈነጫል፤ ሁለት ግድግዳ አልፎ ሰርቪስ ሲደርስ ትንፋሹ ይቆረጣል። ከጓሮ ቴሌቪዥን አለ፣ የልጆች ኮምፒውተር አለ፣ የበር ካሜራ አለ፣ ሁለት ተከራይ ተማሪዎችም አሉ። ሣጥኑ ላይ የቀረው ባዶ ቀዳዳ ግን አንድ ብቻ ነው። ገበያ ወጥቼ «ስዊች አለ?» ብል ባለሱቁ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ዘረጋልኝ። «የኔትወርክ ነው እንጂ» ስለው ፊቱ በራ፤ «አሃ፣ ሀብ በለኛ!»

ሀብና ስዊች አንድ አይደሉም። የመጽሐፉም ምርጥ ክፍል የስዊችን አሠራር ከሥሩ የሚያስረዳው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ሐሳቡን በእኛ ሰፈር ቋንቋ ልንገራችሁ። ሀብ የእድር ጡሩምባ ነፊ ነው። መልእክቱ ለአንድ ቤት ቢሆንም ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል፤ እሱ በሚነፋበት ጊዜም ሌላ ሰው ቢናገር አይደማመጥም። ስዊች ደግሞ ደብዳቤ የሚያደርስ የሰፈር ልጅ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማንንም አያውቅም። ከአንድ በር መልእክት ሲቀበል የላኪውን ስም ከበሩ ጋር አብሮ ይይዛል። ተቀባዩን ካላወቀ ከመጣበት በር በቀር ሁሉንም ያንኳኳል። ተቀባዩ መልስ በላከ ጊዜ የእሱም በር ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቀጥታ ነው። ከአንድ ቤት ለአምስት ደቂቃ ምንም ካልተላከ ልጁ ስሙን ይረሳዋል፤ የተለመደው ልክ 300 ሰከንድ ነው።

ምሳሌው የእኔ ነው፤ ስፐርጀን እንዲህ አይጫወትም። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን የሠራ የኔትወርክ ሰው ነውና አድራሻና ፖርት (ቀዳዳ) በሠንጠረዥ ደርድሮ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ያለ ቀልድ ይሄዳል። ጽሑፉ ደረቅ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን እንከን አይወጣለትም። የስዊች አባት የሆነውን ድልድይ አስቀድሞ፣ አድራሻ መማርን አስከትሎ፣ ለማይታወቅ ተቀባይ ወደ ሁሉም በር መላክን ከዚያ በኋላ ያመጣል። ይህን ምዕራፍ የጨረሰ ሰው አምስት ቀዳዳ ያለውን ርካሽ ስዊች ሲከፍት «የይለፍ ቃሉ የት ነው? ምን ልሙላበት?» ብሎ አይጨነቅም። የሚሞላ ነገር የለም። አንዱን ገመድ ከፋይበሩ ሣጥን፣ ሌሎቹን ከዕቃዎቹ ማገናኘት ነው፤ የቀረውን ልጁ ራሱ ይማረዋል። የትኛው ገመድ በየትኛው ቀዳዳ ይግባ የሚለውም አያስጨንቅም፤ ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ ለይተው ያውቃሉ።

ካልፓና የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያውን የኢተርኔት ስዊች ለገበያ ሲያቀርብ ሰባት ፖርት ብቻ ነበረው፤ ሲስኮ በ1994 ድርጅቱን ጠቀለለው። ያኔ የትልቅ መሥሪያ ቤት ዕቃ የነበረው ዛሬ ሶዶ ገበያ ከስልክ ሽፋን አጠገብ ተሰቅሎ ይሸጣል። መጽሐፉ ይህንን መውረድ ያየ አይመስልም፤ የመጀመሪያው ጠቤም ከዚሁ ይነሣል።

ነገሩ በቤቴ የደረሰ ነው። ቤት ሲጸዳ አንድ የተነቀለ ገመድ ወለል ላይ ተገኘ። አንደኛው ጫፍ ስዊቹ ላይ ነበር። አንድ ደግ እጅ ሌላኛውን ጫፍ ክፍት ሆኖ ባገኘው ቀዳዳ ሰካው፤ እዚያው ስዊች ላይ። ወዲያው መብራቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ይንቀጠቀጡ ጀመር፣ የቤቱ ኢንተርኔት በሙሉ ቆመ። አጠፋን፣ አበራን፣ ከውጭ የመጣ ችግር ነው ብለን ግማሽ ቀን ጠበቅን። በእኔ ምሳሌ ካየነው፣ ለሁሉም የተላከ ጥሪ በአንዱ በር ወጥቶ በሌላው ተመልሶ ገባ፤ ልጁም አዲስ መልእክት መስሎት እንደገና ለሁሉም አደረሰው። የኢተርኔት መልእክት ዕድሜው አልቆ የሚሞትበት ገደብ የለውም፤ አንዴ መዞር ከጀመረ ገመድ እስኪነቀል ይዞራል።

መድኃኒቱን ራዲያ ፐርልማን በዲጂታል ኢክዊፕመንት ኩባንያ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1985 አግኝታዋለች፤ ስሙ ስፓኒንግ ትሪ ነው። ስዊቾች ከመካከላቸው አንዱን አለቃ ይመርጡና ወደ ዙር የሚያመራውን ትርፍ መንገድ ይዘጋሉ። ስፐርጀንና ዚመርማን ይህን ሲያብራሩ ብቃታቸው ጎልቶ ይታያል፤ ሁለቴ ሳነበው የቤቴ ግማሽ ቀን በሙሉ ገባኝ። ነገር ግን እኛ የምንገዛው ባለ አምስት ቀዳዳ ስዊች በአብዛኛው ይህ መድኃኒት የለውም። የዩኒቨርሲቲው ባለሙያ መድኃኒቱ ባለው ዕቃ ይጠቀማል፤ ለቤቱ የሚገዛው ሰው ደግሞ መጽሐፉ ከሚያስጠነቅቅበት አደጋ ጋር ያለ ጋሻ ይኖራል። አንድ አንቀጽ ቢጨመር በቂ ነበር።

ስለ ኔትወርክ አነዳደፍ የሚያወራው ምዕራፍ ለቤት ሰው ካሰብኩት በላይ ጠቅሞኛል። ስዊች ከስዊች በላይ በደረጃ ሲቆም ወደ ላይ የሚወጣው አንድ መስመር ማነቆ ይሆናል ይላል። ይህ የእኛ ቤት ነው። ከጓሮ ያሉት ዕቃዎች ሁሉ በአንድ ገመድ ወደ ሳሎን ይወጣሉ። ስለዚህ ስዊች መግዛት ኢንተርኔት አያፈጥንም፤ የመጣውን ያካፍላል እንጂ። ከውጭ የሚገባው መስመር 20 ሜጋ ቢት ከሆነ ለኢንተርኔቱ ብቻ ሲባል ባለ 100 ሜጋ ቢቱ ስዊች ይበቃል። ቤት ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ፊልም የሚገለብጥ፣ ወይም የካሜራ ቅጂ የሚያከማች ሰው ግን ጊጋቢት ይግዛ። 4 ጊጋባይት ፊልም በ100 ሜጋ ቢት ቢፈጥን ከአምስት ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ በጊጋቢት ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። በተከታታይ ከሰባት ስዊች አትለፉ የሚለውን የቆየ ምክር ግን ፈገግ ብዬ አለፍኩት፤ በእኛ አቅም ሰባተኛው ስዊች ጎረቤት ቤት ይደርሳል።

ተከራይ ላለበት ቤት አንዱን ስዊች እንደተለያዩ ክፍሎች ስለሚከፋፍለው ስለ ቪላን የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ተራው ስዊች ላይ የተሰኩ ሁሉ አንድ ሳሎን እንደተቀመጡ ይቆጠራሉ፤ የተማሪው ኮምፒውተር የቤቱን ካሜራ ማግኘት ይችላል። ቪላን የሚያውቅ ትንሽ ስዊች ከተራው ጥቂት ይወደዳል እንጂ ትልቅ ልዩነት የለውም። ከዚያ በኋላ የሚመጡትን የዳታ ማዕከል ስዊቾች፣ የትራፊክ መከታተያዎች እያልኩ ገጽ ገልብጫለሁ። እኛ ዘንድ ከዳታ ይልቅ ዳጣ፣ የበርበሬው ማባያ፣ ይቀድማል።

ዋናው ጉድለት የሚታየው መጽሐፉ በዝምታ ባለፈው ላይ ነው። «ኢተርኔት ስዊችስ» ራሱን የቻለ ሥራ አይደለም፤ ሁለተኛ እትሙ ቆይቶ በ2014 ከወጣው «ኢተርኔት፦ ዘ ዴፊኒቲቭ ጋይድ» ከተባለው ወፍራም መጽሐፍ ተቆርጦ የወጣ ነው። ሲቆረጥ ስለ ገመድ የሚያወሩት ምዕራፎች እዚያው ቀሩ። ቤት ውስጥ ስዊች የሚዘረጋ ሰው የመጀመሪያው ፈተናው ግን ገመድ ነው። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በመዳብ ስም ይሸጣል፤ ሽቦውን በምላጭ ፋቅ አድርገው ነጭ ከወጣ ይተዉት። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይፈልጋል፣ ባለ 100ው ሁለቱን ብቻ። ስለዚህ ከአራቱ አንዱ ቢበጠስ ግንኙነቱ ሳይሞት ወደ 100 ሊወርድና ማንም ሳያውቀው ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በብዙ ስዊቾች ላይ የፖርቱ መብራት ቀለም መለወጡ ብቻ ነው የሚያሳብቀው። የርቀቱ ልክ 100 ሜትር ነው፤ ለግቢያችን ከበቂ በላይ።

ከቤት ወደ ቤት በአየር ላይ የተዘረጋ የመዳብ ገመድ ሌላ ጣጣ አለው። ክረምት ሲገባ ከዳሞታ በኩል የሚመጣውን ነጎድጓድ የሰማ ሰው ይህ አይነገረውም። መብረቅ ገመዱን ራሱን ባይመታ እንኳ በአቅራቢያ ሲወርድ በገመዱ ውስጥ የሚፈጥረው ኃይል ከሁለቱም ጫፍ ያለውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። በሁለት ሕንፃ መካከል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ፋይበር የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ አቅም ከሌለ ደግሞ ሰማይ ሲጠቁር ያንን አንድ ገመድ መንቀል።

ስለ መብራትም እንዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል። ከግልገል ጊቤ 3 የሚመነጨው ኃይል ሶዶን ይረግጣል፤ ጣቢያው 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ወደ ኬንያዋ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚነሣው ከዚሁ ከወላይታ ሶዶ ነው። ይህን ያህል ኃይል በደጃችን ያልፋል፤ ቢሆንም ቤት ውስጥ ስዊች የሚገዛ ሰው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚሆነውን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ስዊቹ የሚበላው ጥቂት ዋት ነው፤ ትንሽ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ለረጅም ሰዓት ያቆየዋል። አደገኛው አስማሚው ነው። ብዙ የቤት ራውተሮች 12 ቮልት ይወስዳሉ፣ ትንንሽ ስዊቾች 5 ወይም 9፤ መሰኪያቸው ግን መንታ ይመስላል። በጨለማ የተቀያየረ አስማሚ ስንቱን ስዊች ገድሏል! ሁለቱም ላይ ቮልቱን በትልቁ ጽፎ መለጠፍ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከስዊቹ ሣጥን የወጣውን እጥፍ ወረቀትም አንብቤዋለሁ፤ ሁለት ሥዕልና ብዙ ቋንቋ ይዟል፣ አማርኛም ወላይትኛም የለበትም። ወረቀቱ ምንም አያስረዳም፤ መጽሐፉ ከሚገባው አልፎ ያስረዳል። የእኛ ቤት በሁለቱ መካከል ቀርቷል። ይህን ሁሉ ጥፋት በስፐርጀንና በዚመርማን ላይ ልጭን አልችልም፤ ለትልቅ ኔትወርክ ሠሪዎች እንጻፍ ብለው ለእነሱው ጽፈዋል። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ለሚማር ልጅ የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን ምዕራፍ ሳላቅማማ አስነብበዋለሁ። ስዊች ገዝቶ በሩን ዘግቶ መተኛት ለሚፈልግ አባቱ ግን መጽሐፉን አልሰጠውም።

ሶዶ፣ ቦዲቲና አረካ ውስጥ መሰላል ተሸክማችሁ በየቤቱ ገመድ ስትዘረጉ የኖራችሁ ሰዎች አላችሁ። የትኛው ገመድ በአይጥ እንደሚበላ፣ የትኛው አስማሚ በስንተኛው ክረምት እንደሚቃጠል ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ሃያ ገጽ ጻፉልን፤ በአማርኛም ይሁን በወላይትኛ።