ሶኮ፣ ሱቅ፣ ማሪኪቲ፦ የቃል ዘር ቆጠራ በናይሮቢ

በናይሮቢ ገበያ በስዋሂሊ «ሶኮ» ይባላል። በሜክሲኮ ወይም በኮሎምቢያ ያደገ የስፓኒሽ ተናጋሪ የሞሮኮን ባህላዊ ገበያ ሲጠራ ከአፉ የሚወጣው ቃልም ያው «ሶኮ» ነው። የማድሪድ ሰው ብቻ የመጀመሪያዋን ድምፅ ምላሱን በጥርሶቹ መካከል አሾልኮ ይላታል። ሁለቱ ቋንቋዎች ግን ይህን ቃል አልተበዳደሩም። ሁለቱም ከዐረብኛው «ሱቅ» ወስደውታል፤ ያንኑ ቃል አማርኛ ድምፁን ብዙም ሳይነካ ይዞታል። ሶማሊዎች፣ ኢትዮጵያውያንና ኬንያውያን ተደባልቀው በሚነግዱበት በናይሮቢው የኢስትሌይ ሰፈር ሶማሊው «ሱቅ» ሲል ገበያውን ማለቱ ነው፤ ኢትዮጵያዊው «ሱቅ» ሲል ግን አንዲቷን መደብር ነው። አማርኛ ቃሉን ሲቀበል «ገበያ» የሚል የራሱ ስም ስለነበረው ለእንግዳው ጠበብ ያለ ቦታ ሰጠው። ስዋሂሊ ግን ሙሉውን ገበያ አስረከበው፤ የናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ እንኳ ዛሬ «ሶኮ ላ ሂሳ» ይባላል። «ሂሳ»ም ድርሻ ማለት ሲሆን እሱም የዐረብኛ ቃል ነው።

የሥርወ ቃል ሥራ የሚጀምረው ድምፆቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ በማየት ነው። በዐረብኛው «ሱቅ» ውስጥ ያለው የመጨረሻ ድምፅ ከጉሮሮ ጥልቀት ይወጣል። አማርኛ የራሱ ቀ ስላለው አልተቸገረም። ስዋሂሊና ስፓኒሽ ቀ ስለሌላቸው ወደ ከ ለወጡት። ያ ጥልቅ ድምፅ አጠገቡ ያለውን አናባቢ ወደ ታች ስለሚጎትት «ኡ» በሁለቱም ዘንድ «ኦ» ሆነ። ስዋሂሊ ቃልን በአናባቢ መጨረስ ይወዳል፤ ስፓኒሽም ወንዴ ስሞቹን በአብዛኛው በ«ኦ» ይጨርሳል። ስለዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተያዩ፣ እያንዳንዱ በገዛ ሕጉ ሄዶ፣ አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። የድምፅ መመሳሰል ለምርመራ ያነሣሣል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ማስረጃ የሚሆነው ሕግን የተከተለ ለውጥ ነው። በላቲን በ«ፍ» ይጀምሩ የነበሩ ብዙ ቃላት በስፓኒሽ ያን ድምፅ አጥተዋል፤ ዱቄት ማለት የሆነው «ፋሪና» «አሪና» ተባለ፤ ሲጻፍ ብቻ የማይነበብ «ህ» ቀርቶለታል። የአማርኛ አንባቢ ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ግዕዙ «ሰምዐ» በአማርኛ «ሰማ»፣ «በልዐ» ደግሞ «በላ» ሆኗል። የ«ዐ» ድምፅ ጠፍቶ አናባቢው ቀርቷል። ለውጡ በአንድ ቃል ብቻ ሳይሆን በወገኖቹ ሁሉ ላይ ከታየ አጥኚው ይተማመንበታል። ከዚያ በኋላ ቃሉን ተሸክሞ ያመጣውን ሰው ይፈልጋል። መርከበኛ፣ ነጋዴ፣ ወታደር ወይም መምህር ሳይገኝለት ባሕር ተሻገረ የሚባል ቃል ተረት ነው።

ከሱቅ ቤተሰብ ጎን ሌላ የገበያ ቤተሰብ አለ። በናይሮቢ ኃይለ ሥላሴ ጎዳና ላይ ያለው የወኩሊማ ገበያ፣ ማለትም የገበሬዎች ገበያ፣ በሕዝቡ አፍ «ማሪኪቲ» ነው። ቃሉ እንግሊዝኛው «ማርኬት» ነው፤ ስዋሂሊ እንደ ልማዱ በተነባቢዎቹ መካከል አናባቢ ሰክቶበታል። አዲስ አበባ ደግሞ መርካቶ አለላት። የስፓኒሹ ስም «ሜርካዶ» ነው። ሦስቱም በላቲኑ «ሜርካቱስ» ይገናኛሉ። መርካቶን ማን እንዳመጣው አንዲት ፊደል ትመሰክራለች፦ በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለውን የላቲን «ት» ስፓኒሽ ወደ «ድ» ሲለውጥ ጣሊያንኛ ግን እንዳለ ይዞታል። ታሪኩም ይስማማል። ጣሊያን ኢትዮጵያን በያዘበት ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የከተማይቱን ትልቅ ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛውሮ ስሙን ተክሎ ሄደ።

ቃል ሲገባ ከአገሩ ሰዋስው ቁራጭ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ዐረቦች ከ711 ጀምሮ የአይቤሪያን ልሳነ ምድር ይዘው ነበር፤ የመጨረሻ ይዞታቸው ግራናዳ የወደቀችው በ1492 ነው። በእነዚህ ዘመናት ወደ ስፓኒሽ የገቡት ቃላት አብዛኞቹ የዐረብኛውን መስተአምር «አል» ከነነፍሱ ይዘዋል፦ ስኳር «አሱካር»፣ ጥጥ «አልጎዶን»፣ ዘይት «አሴይቴ»፣ የከተማ ሹም «አልካልዴ»። ጣሊያንኛ እነዚያኑ ቃላት በንግድ በኩል ሲቀበል «ዙኬሮ» እና «ኮቶኔ» ብሎ «አል»ን ጥሏል። ብዙ ሊቃውንት ልዩነቱን የሚያስረዱት ወደ ስፔን ከተሻገረው ሠራዊት ብዙው በርበር እንደነበረ በማስታወስ ነው። ዐረብኛን ዘግይቶ የተማረ ሰው መስተአምሩን ከስሙ ሳይነጥል ይዞት ሄደ ይላሉ። የስዋሂሊው «ሱካሪ» እና የእኛው «ስኳር» ያለ «አል» ናቸው። ነገር ግን ስዋሂሊ ሐሙስን «አልሃሚሲ»፣ የከሰዓት በኋላውን ጊዜ «አላሲሪ» ይላል፤ ዕለቱና የጸሎት ሰዓቱ በዐረብኛ ዘወትር ከነመስተአምራቸው ስለሚጠሩ ነው።

አማርኛም አንድ የሚያስቅ ምሳሌ አለው። «አልማዝ» የሚለው ስም ዐረብኛ ነው፤ ዐረብኛው ራሱ ግን «አዳማስ» የሚለው የግሪክ ቃል ነው። የዐረብኛ ተናጋሪዎች መነሻውን ከገዛ መስተአምራቸው ጋር አምታተውት «አልማስ» አደረጉት። ስለዚህ አልማዝ የተባለች ሴት ሁሉ የጥንት ሰዋስው ስሕተት በስሟ ይዛ ትኖራለች፤ ስሙ ግን ከስሕተቱ የተነሣ ምንም አልጎደለበትም።

የፖርቱጋሎች አሻራ ደግሞ በሌላ መንገድ ይታወቃል። ቫስኮ ዳ ጋማ ሞምባሳና ማሊንዲ የደረሰው በ1498 ሲሆን ፖርቱጋሎች በሞምባሳ የኢየሱስን ምሽግ መገንባት የጀመሩት በ1593 ነው። በ1698 ለኦማኖች እስኪለቁት ድረስ በባሕር ዳርቻው ስዋሂሊ ላይ ጥቂት ግን ዕድሜ ጠገብ ቃላት ጣሉ። ጠረጴዛ በናይሮቢ «ሜዛ» ነው። የስፓኒሹም የፖርቱጋልኛውም አጻጻፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ሲነገር ግን ስፓኒሹ «ሜሳ»፣ ፖርቱጋልኛው «ሜዛ» ይላል። የስዋሂሊው «ዝ» አበዳሪውን ያለ ክርክር ያሳያል። (አማርኛ በዚህ ማዕድ አልተቀመጠም፤ «ጠረጴዛ»ን ከግሪክ አምጥቷል።) ባንዲራም እንዲሁ ነው። ስፓኒሹ «ባንዴራ»፣ ስዋሂሊው «ቤንዴራ»፣ አማርኛው «ባንዲራ» ወንድማማቾች ሲሆኑ የስዋሂሊው በፖርቱጋል፣ የእኛው በጣሊያን በኩል መጥተዋል።

ከሁሉ የሚገርመው «ጌሬዛ» ነው። ዛሬ በኬንያ «ጌሬዛ» ማለት እስር ቤት ነው፤ የማረሚያ ቤቶች አገልግሎትም በብዙ ቁጥሩ «ማጌሬዛ» ይባላል። ምንጩ ግን ቤተ ክርስቲያን ማለት የሆነው የፖርቱጋል «ኢግሬዣ» ነው። የስፓኒሹ አቻ «ኢግሌሲያ» «ል» ስላለበት እዚህም አበዳሪነቱ ለፖርቱጋል ይመዘገባል። ቤተ ክርስቲያን እስር ቤት የሆነው እንዴት ነው? በሞምባሳው ምሽግ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ስሙ ወደ ምሽጉ ሁሉ ተዛመተ፤ በቀድሞው ስዋሂሊም «ጌሬዛ» ምሽግ ማለት ነበር። እንግሊዞች ደግሞ ምሽጉን ከ1895 እስከ 1958 እስረኛ አጎሩበት። የትርጉሙን ጉዞ መዝገበ ቃላት ብቻውን አይነግርም፤ የሕንፃውን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ደስ በሚል ታሪክ ነው። «ፔሳ» በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው፤ በ2007 የኬንያው ሳፋሪኮም የጀመረውና በ2023 ኢትዮጵያም የገባው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ኤም-ፔሳ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ስፓኒሽ የሚያውቅ ሰው ወዲያው «ፔሶ» ትዝ ይለዋል፤ «ፔሶ» መጀመሪያ ክብደት ማለት እንደነበረ ሲሰማ ደግሞ ታሪኩ ያማረ ይመስለዋል። የፖርቱጋል መርከቦችም አሉለት። ነገር ግን ሳንቲሞቹ ሌላ ይላሉ። በ1888 ለሞምባሳ የተቀረጸው የመዳብ ሳንቲም የሕንዱ «ፓይስ» ነበር፤ 64ቱ አንድ ሩፒ ይመነዘር ነበር፤ ሩፒውም እስከ 1920 ድረስ የአገሩ መገበያያ ሆኖ ቆይቷል። ገንዘቡ ከሕንድ ከመጣ ስሙን ከማድሪድ ወይም ከሊዝበን መፈለግ ድካም ነው። ይበልጥ የሚያሳምነው ምንጭ የሂንዲው «ፓይሳ» ነው።

ለኢትዮጵያዊ ደግሞ ተመሳሳዩ ወጥመድ «ብርቱካን» ነው። ቃሉ የፖርቱጋልን ስም መያዙ እውነት ነው። የቫስኮ ልጅ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ በ1541 አራት መቶ ያህል ነፍጠኛ ይዞ ምጽዋ ስለወረደ ፍሬውንም ስሙንም እነዚያ ወታደሮች አመጡ ማለት ያጓጓል። ቅርጹ ግን አይፈቅድም። ፖርቱጋሎች ራሳቸው ፍሬውን «ላራንዣ» ይሉታል እንጂ በአገራቸው ስም አይጠሩትም። «ቡርቱቃል» ወይም «ቡርቱቃን» የሚለው ዐረብኛ ነው፤ አማርኛውም ከዚያ ነው።

በናይሮቢ ጉሊት ላይ የሚሸጠው ዘይቱን የዚህን ሙያ ጣዕም አንድ ላይ ያሳያል። ዛፉ የአሜሪካ ነው። ስፔኖች በካሪቢያን ደሴቶች ሲያገኙት ስሙንም ከነባሮቹ ሕዝቦች ወስደው «ጉዋያባ» አሉት። ስዋሂሊ ፍሬውን «ፔራ» ይለዋል፤ ይህ በፖርቱጋልኛም በስፓኒሽም የሌላ ፍሬ፣ የፒር ስም ነው፤ የሁለቱ ፍሬዎች ቅርጽ ይመሳሰላል። አማርኛ ደግሞ «ዘይቱን» አለው፤ ዐረብኛው «ዘይቱን» ግን ለዘይት የሚጨመቀው የወይራ ፍሬ ነው፤ የስፓኒሹ «አሴይቱና» አሁንም በዚያው ትርጉሙ አለ። በአማርኛ ዛፉ «ወይራ» የሚል አገርኛ ስም ስለነበረው ዐረብኛው ቃል ሥራ ፈት ነበረ፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ፍሬ ወረሰው። አንዱን ፍሬ ሦስት ቋንቋዎች ሲሰይሙ አንዱ ከነባሮቹ ሕዝቦች ተቀበለ፣ ሁለቱ ከሌላ ፍሬ ስም ተዋሱ። የቃልን ዘር የሚቆጥር ሰው ፍሬውን ካላየ ይህን ሊፈታ አይችልም።

ተቀባዩ ቋንቋ እንግዳውን እንዴት እንደሚያስተናግደውም መታየት አለበት። ዐረብኛው «ኪታብ» ስዋሂሊ ውስጥ «ኪታቡ» ሆነ። ስዋሂሊ ግን «ኪ» ብለው ለሚጀምሩ ብዙ የራሱ ስሞች ብዙ ቁጥር የሚያበጀው «ኪ»ን በ«ቪ» ተክቶ ስለሆነ መጻሕፍት «ቪታቡ» ተባሉ። የሥሩ ፊደል እንደ ቅድመ ቅጥያ ተቆጠረ ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ኪፕ ሌፍት»፣ ማለትም «ግራህን ያዝ» የሚለው የመንገድ ምልክት፣ በዚሁ መንገድ «ኪፒሌፍቲ» ሆኖ የመኪና አደባባይ ስም ሆነ፤ ሲበዛም «ቪፒሌፍቲ» ይባላል። ይህን እናጽዳ የሚሉ የቋንቋ ተቆርቋሪዎች አይጠፉም፤ ቃሉ ግን የአገሩን ሰዋስው ከተቀበለ ወዲያ እንግዳ አይደለም።

በስዋሂሊ ለዚህ ሁሉ ጥናት መሠረት ከጣሉት አንዱ በኢትዮጵያ በኩል ያለፈ ሰው ነው። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ቆይቶ አማርኛንና ኦሮምኛን አጥንቷል። በ1844 ሞምባሳ ሰፍሮ ስዋሂሊን መመዝገብ ጀመረ። ትልቁ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላቱ የታተመው በ1882፣ ከሞተ በኋላ ነው። ዛሬ «ጌሬዛ» ምን ነበረ የሚል ሰው እንዲህ ያሉ አሮጌ መዝገቦችን ይገልጣል፤ የቃሉን አሮጌ ትርጉም ጠብቀው ያቆዩት እነሱ ናቸውና።

ስፓኒሽ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ኮቫሩቢያስ የስፓኒሽ መዝገበ ቃላቱን በ1611 አሳትሟል፤ በ1713 የተቋቋመው የስፓኒሽ ቋንቋ አካዳሚም ቀጥሎበታል። ካታላናዊው ጆአን ኮሮሚነስ ደግሞ ከ1954 እስከ 1957 ባወጣቸው አራት ቅጾች እያንዳንዱ ቃል መጀመሪያ በጽሑፍ የተገኘበትን ጊዜ እየጠቀሰ ሒሳቡን አወራረደ። በእኛ በኩል የሴም ቋንቋዎች ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው ለሐረሪ በ1963፣ ለጉራጌ በ1979፣ ለግዕዝ በ1987 ሥርወ ቃልን የሚያሳዩ መዝገበ ቃላት አውጥቷል፤ ለአማርኛ ግን እንዲያ ያለውን አልጻፈም። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ብዙ ነገር ይሰጣል፤ ቃሉ መቼ እንደገባ ግን አይዘግብም። ኮሮሚነስ የሠራው በዘመናት የተከማቸ ጽሑፍ ይዞ ነው፤ የአማርኛ የውሰት ቃላት ብዙዎቹ ግን የሚኖሩት በነጋዴ፣ በሹፌርና በስደተኛ አፍ ነው። ናይሮቢ፣ ካርቱም ወይም ጅዳ ሆኖ አዲስ ቃል የሚሰማ አንባቢ ማን፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ስለ ምን ነገር እንደተናገረው ከቃሉ ጎን ይጻፍ፤ ትርጉሙን ብቻ ጽፎ አይተወው።