ስሕተቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ

ሃስኬል መማር የጀመረ አንድ ወጣት፣ «ዝርዝር ለመፈተሽ ‹ኦል› አይበቃም እንዴ? ሁሉም ልክ ከሆነ ትሩ፣ አንዱ ከተበላሸ ፎልስ፤ በቃ!» አለኝ። አይበቃም። ፎልስ የትኛው መስመር በምን ምክንያት እንደወደቀ አይናገርም። ትሩም ቢሆን ብዙ አይሻልም፤ ተፈትሾ ያለፈው ጽሑፍ አሁንም ጽሑፍ ስለሆነ፣ ቀጥሎ የሚቀበለው ፈንክሽን እንደ አዲስ ይጠራጠረዋል። ለምሳሌ የቀን ዝርዝር ከሆነ፣ ጽሑፍ ሲገባ «ቀን» የሚባል ታይፕ ይውጣ። የአሌክሲስ ኪንግ መጣጥፍ (እ.ኤ.አ. 2019) ይህን ስለጨረሰልን አልደግመውም።

የኔ ጠብ ሌላ ነው። ይህን ፈንክሽን በዝርዝሩ ላይ አንድ በአንድ የሚያስኬድልን ትራቨርስ እንደሚያስፈልግ ሁላችንም እናውቃለን፤ በኢዘር ይሁን በቫሊዴሽን ነው ክርክሩ። አንድ ባልደረባዬ ኢዘርን የሙጥኝ ብሏል። «ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሌላ ላይብረሪ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ኢዘር ግን የመጀመሪያውን ስሕተት ሲያገኝ ይቆማል።

የልደት ቀን ዝርዝር ውሰዱ። አንዱ መስመር «ጳጉሜ 6 ቀን 2015» ይላል፤ ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ልክ ነው። ሌላው «ጳጉሜ 6 ቀን 2016» ይላል፤ የዚያ ዓመት ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ ነበረች። ወረድ ብሎ «መስከረም 31» አለ፤ እሱማ በየትኛውም ዘመን የለም። ኢዘር ጳጉሜን ከሶ ዝም ይላል፤ የመስከረሙ ጉድ የሚወጣው ጳጉሜ ታርሞ ፋይሉ እንደገና ሲገባ ነው። ቫሊዴሽን ሁለቱንም ከነመስመር ቁጥራቸው ያመጣል። ስሕተቶቹ መደማመር እስከቻሉ ድረስ የሚለወጠው ታይፑ ነው፤ ትራቨርስ አይነካም።

ኢዘር ሞናድ ነው። በሞናድ ሁለተኛው እርምጃ የመጀመሪያውን ውጤት ይጠብቃል፤ የመጀመሪያው ከወደቀ ሁለተኛው የሚይዘው ነገር የለም። የዝርዝሩ መስመሮች ግን አንዱ ሌላውን አይጠብቅም፤ እንደ ቫሊዴሽን ያለ አፕሊኬቲቭ ይበቃቸዋል። ማክብራይድና ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ አፕሊኬቲቭ ባወጡት ጥናት ስሕተት ማጠራቀምን ራሱን በምሳሌነት አቅርበውታል። ባልደረባዬ ግን «ፋይሉ በሙሉ ቢበላሽስ? ሺህ ስሕተት ማን ያነባል?» ይለኛል። የመጀመሪያዎቹን ሃያ አሳይና ቀሪውን በቁጥር ንገር፤ ይህ የማሳያው ጣጣ ነው እንጂ የፍተሻው አይደለም። በአንዱ መስመር ውስጥ፣ ወሩንና ዓመቱን አንብቦ ከዚያ ቀኑን ለመመዘን ኢዘር ቦታው ነው፤ እዚያ ላይ አልከራከረውም።

ይህን ያህል የምሟገተው ለሒሳቡ ውበት ብዬ አይደለም። ኮድ ከመጻፌ በፊት ሥራዬ ቅጽ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነበር። ፕሮግራሙ አንድ ስሕተት ይናገርና ይቆማል፤ አርመን ስንመልሰው ሌላ ያወጣል። አጠገቤ የሚቀመጡት እናት «አንተዬ፣ ጥፋቴን ሁሉ አንዴ ብትነግረኝ ምን አለበት?» እያሉ ስክሪኑን ይቆጡት ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው እኚህን ሴት ጨርሶ አላሰባቸውም። ከዓመታት በኋላ ቫሊዴሽንን ሳገኘው ቀድመው ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ዝርዝሩን የሚያርመው ሰው ከሆነ ቫሊዴሽን ተጠቀሙ። ማሽን ብቻ የሚያነበው ከሆነ እንደፈቀዳችሁ።