ኮምጣጣን በስሙ መጥራት

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ ዲጋን ይዞ ወደ ዴዴሳ ወንዝ ሲወርድ ነፋሱ እየሞቀ፣ የማንጎው ዛፍ እየበዛ ይሄዳል። እኔ ሙያዬን የተማርኩት በዚህ መንገድ ላይ ነው። የሥነ ምግብ አስተማሪ ነኝ። በጤና ኬላ ደጃፍ፣ በገበያ ዳር፣ ቡና በተፈላበት ሁሉ ስለ ምግብ አወራለሁ፤ ከሁሉም ይበልጥ የደከምኩት ግን ብርቱካንንና ሎሚን በቃል ለመግለጽ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብርቱካን በእጄ ይዤ እቆምና "ጣፋጭ ነው፤ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ለጤና ጥሩ ነው" እል ነበር። እናቶች በአክብሮት ያዳምጡኛል፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም። አንድ ቀን ዲጋ ውስጥ አንዲት አዛውንት ብርቱካኑን ከእጄ ተቀበሉኝ። ልጣጩን በጥፍራቸው ጫር አድርገው አሸተቱና "ልጄ፣ ይኼ ሳይደርስ የተቆረጠ ነው። የኔ ጓሮ ብርቱካን አረንጓዴ ነው፤ ግን ሲላጥ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል" አሉኝ። ቢጫነቱን አይቼ የመረጥኩት እኔ ነበርኩ።

እውነታቸውን ነበር። የብርቱካን ልጣጭ አረንጓዴነቱን የሚለቀው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። በሞቃት ሸለቆ ውስጡ በስሎ ላዩ አረንጓዴ እንደሆነ ሊቆይ ይችላል። ደግሞም ብርቱካን እንደ ማንጎ አይደለም። ማንጎ ጥሬውን ወርዶ እቤት ይበስላል፤ ብርቱካን ግን ከዛፉ ከተለየ በኋላ ጣዕሙ አይጨምርም። ስለዚህ ስለ ብርቱካን ጣዕም የሚናገር ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መቼ እንደተቆረጠ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልልጥና ሳላሸት ስለ አንድም ፍሬ ተናግሬ አላውቅም።

ቀጥሎ የተጋፈጥኩት ችግር የቃላት ነበር። በአማርኛ "ጣፋጭ" ስንል ስኳር ስኳር የሚለውንም፣ ባለሙያ የሠራችውን ወጥም ማለታችን ነው። በኦሮምኛም "ሚኣዋ" ሁለቱንም ይይዛል። ጥሩ ጣዕምና ስኳራም ጣዕም በአንድ ስም ሲጠሩ ኮምጣጣው ሳይታሰብ ከጥሩዎቹ ተራ ይወጣል። ሎሚ በእጃችን እያለ ስናሞግሰው "መድኃኒት ነው" ብቻ የምንለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ጣዕሙን የምናመሰግንበት ቃል አጠረን።

ኮምጣጣን ማክበር ያስተማረኝ ቡና ነው። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ "ለቀምት" በሚል ስም ሲታወቅ፣ ፍሬ ፍሬ በሚል ጣዕሙ ይታወሳል። ቡና ቀማሽ ሙያተኛ በማንኪያ ፉት ብሎ "ሎሚ ሎሚ ይላል" ሲል እየወቀሰ አይደለም፤ ንጹሕ ኮምጣጣነት ለቡናው ነጥብ ይጨምርለታል። ጥሬ ቡና ውስጥም እኮ ሎሚን የሚያኮመጥጠው ሲትሪክ አሲድ አለ። በቡና የምናከብረውን በሎሚ ለምን እንንቀዋለን ብዬ እንደ ቀማሾቹ ጣዕሙን እየከፋፈልኩ መናገር ጀመርኩ።

መጀመሪያ ልጣጩ አለ። ልጆች ጨምቀው እርስ በርስ ዓይን ውስጥ የሚረጩት፣ እሳት ላይ ሲያርፍ ብልጭ የሚለው ዘይት እርሱ ነው፤ መዓዛው የሚኖረው እዚያ ነው። ከሥሩ ያለው ነጭ ሽፋን መራራ ነው። ከዚያ ጭማቂው ይመጣል። በብርቱካን ስኳሩና ኮምጣጣው ተመዛዝነው ይገኛሉ፤ መንደሪን ወደ ስኳሩ ያደላል፤ ሎሚያችን ጥርስ እስኪያጠርስ ኮምጥጦ መጨረሻው ላይ ጥቂት ምሬት ይተዋል። ትርንጎ ደግሞ ጭማቂው ትንሽ፣ ወፍራም ልጣጩና መዓዛው ግን ብዙ ነው። እምብርት ያለው ብርቱካን ተጨምቆ ቢቆይ ይመርራል፤ ጣዕም የሌለው አንድ ንጥረ ነገር በጭማቂው ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ መራራነት ይለወጣልና። ጭማቂ ቤት ውስጥ "ብርቱካኑ ተበላሽቷል" የሚባለው አንዳንዴ ይኼው ነው።

ጣዕሙን እንዲህ ከለየሁ በኋላ ጥቅሙን ከጣዕሙ መለየት ነበረብኝ። ለዚህ የሚረዳኝ የሐኪሙ የጄምስ ሊንድ ታሪክ ነው። ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1747 ሳሊስበሪ በተባለች የእንግሊዝ መርከብ ላይ ድዳቸው እየደማ የሚማቅቁ 12 መርከበኞችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ስድስት ዓይነት ነገር ሰጣቸው። ከሁሉም ፈጥነው ያገገሙት በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ ናቸው። ኮምጣጤ የጠጡትና በውሃ የቀጠነ አሲድ የጠጡት ግን ያን ያህል አልተሻላቸውም። ፈዋሹ ኮምጣጣነቱ ቢሆን ኖሮ እነርሱም በዳኑ፤ ፍሬው የደረሳቸውን ሁለቱን ያዳናቸው ቫይታሚን ሲ ነበር። የእኛው ሎሚም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ከብርቱካን እጅግ ቢኮመጥጥም 100 ግራም ጭማቂው የሚይዘው ቫይታሚን ሲ 30 ሚሊ ግራም ያህል ሲሆን፣ የብርቱካን ግን ወደ 50 ይጠጋል። ዘይቱናማ ሁለቱንም በእጥፍ ያስከነዳቸዋል።

ቫይታሚን ሲን ፍየል በገዛ ሰውነቷ ትሠራለች፤ የሰው ልጅ አይችልም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን 45 ሚሊ ግራም ይመክራል፤ አንድ መካከለኛ ብርቱካን ይህንን ይሸፍናል። ይህን የማስተምረው ግን በቁጥር ሳይሆን በማዕድ ነው። በጎመን፣ በምስር፣ በቦሎቄና በጤፍ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይቀበለውም፤ ቫይታሚን ሲ አብሮት ሲገኝ ግን የሚቀበለው ይጨምራል። ስለዚህ ሎሚው ምግቡ ከእሳት ወርዶ ሊበላ ሲል ይጨመቅ፤ ሙቀት ቫይታሚኑን ያጠፋዋልና። ቡናው ደግሞ ከምግቡ ራቅ ይበል፤ ቡናና ሻይ ብረቱን ይይዙታልና። ወለጋ ላይ ቆሞ "ቡናውን ጥቂት አቆዩት" ማለት ቀላል አይደለም፤ ለነፍሰ ጡር ግን እላለሁ።

ከማልረሳቸው ጥፋቶቼ አንዱ ምስጋና ማብዛቴ ነው። "ሎሚ ለደም ግፊት ጥሩ ነው" ብዬ በተናገርኩበት ሰፈር አንድ አባት እንክብላቸውን ትተው በየጠዋቱ የሎሚ ውሃ ይጠጡ ጀመር። ግፊታቸው አሻቅቦ ሲመጡ "አንተው አይደለህም ያልከው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ጥቅሙን ስናገር ድንበሩንም አብሬ እናገራለሁ። ሎሚ እንክብልን አይተካም። ግሬፕፍሩት እንዲያውም አንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶች በደም ውስጥ ከመጠን በላይ እንዲበዙ ያደርጋል። ቫይታሚን ሲ ጉንፋንን አያስቀርም፤ ዘወትር የሚወስደውን ሰው ቢበዛ የሕመሙን ቀናት ጥቂት ያሳጥርለታል። በጥሬ ሥጋ ላይ የተጨመቀ ሎሚም የኮሶን ትል አይገድልም። ጨጓራው ለሚያቃጥለው ደግሞ ባዶ ሆድ ላይ ሎሚ አልመክርም።

እነዚህን ድንበሮች መናገር ስጀምር ሰው ከሎሚው ይርቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ጥያቄው በዛ። ስንት ልጭመቅ? መቼ? ለሕፃንስ? የሚጠይቅ ሰው ያመነ ሰው ነው።

ትምህርቴን የምዘጋው ሁሉም በሚያውቀው ተረት ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ተረቱ ለመረዳዳት የተነገረ ነው፤ ለሰውነታችንም ግን ይሠራል። ሰውነት ቫይታሚን ሲን እንደ እህል ጎተራ ውስጥ አያከማችም፤ የተረፈውን በሽንት ያስወጣዋል። በአንድ ቀን የተጨመቀ ሃምሳ ሎሚ ሸክም ነው። ለሃምሳ ቀን ከጎመኑ አጠገብ የተቀመጠ አንድ አንድ ሎሚ ግን ለቤቱ ጌጥ ነው። እኚያ ያስተማሩኝ አዛውንት ይህን ሰምተው ሎሚ ቆረጡና ጎመናቸው ላይ ጨመቁ፤ ቀምሰውም "ኮምጣጣ ነው፤ ደግሞም ያምራል" አሉ። እኔ ለዓመታት የፈለግሁት ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር።