ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ሐተታና ስለ ሰው ልጅ አንድነት

ሰው ሁሉ አንድ ነው ማለት ለአፍ ይቀላል፤ ለኑሮ ግን ይከብዳል። ስለዚህ የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ በዚህ ሚዛን ልንመዝነው ወደድን።

በግእዝ የተጻፈው ይህ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ደራሲው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ዳዊቱን ይዞ ከአክሱም ሸሸ፤ በተከዜ አጠገብም በዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። በዚያም ሃይማኖት ሰውን ቢለያይ እንኳ ፈጣሪ ለሁሉም ልቡናን እንደ ሰጠ፣ ሰውም ሁሉ በፊቱ እኩል እንደ ሆነ መረመረ። ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ድርሰቱ የኢጣልያዊው ሚሲዮን የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሏል፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ነው ሲል ተሟግቷል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ የኀሳቡ ክብደት ግን በዚህ አይቀንስም።

ይሁን እንጂ እኛ ከሁሉ አብልጠን የምናደንቀው የዋሻውን ክፍል አይደለም። በዋሻ ጎረቤት የለምና ሁሉን መውደድ አያስቸግርም። ኀሳቡ የተፈተነው ደራሲው ወደ እንፍራዝ ሄዶ የጌታውን ቤት አገልጋይ ኂሩትን ባገባ ጊዜ ነው፤ ባልና ሚስት በትዳር እኩል ናቸውና ገረድ መባሏ ይቅር አለ።

የአቦምሳ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። በዚያው በአርሲ ምድር፣ በፈረቀሳ፣ የእመቤት ሞሚና መካን ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ሲቀበል ኖሯል። ሐተታው ሃይማኖቶችን ሁሉ በአንድነት ሲነቅፍ፣ በእነርሱው ጥላ ሥር የሚበቅለውን እንዲህ ያለውን ጉርብትና ዘነጋ፤ ጉድለቱም ይኸው ነው። አንድነት እምነትን በመተው ብቻ ሳይሆን፣ ባለ ሌላ እምነቱን በማስጠጋትም ይገኛልና።