በቃል ያለቀ ልብ ወለድ

የልብ ወለድ ሥራ በሐሳብ ይፀነሳል እንጂ በሐሳብ አይወለድም። በፅንሱና በልደቱ መካከል ያለው ጊዜ ዋናው የደራሲ ሥራ የሚፈጸምበት ሆኖ ሳለ፣ ስለ ሥነ ጽሑፋችን በሚደረጉ ውይይቶች ከሁሉ ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው ለዚሁ ጊዜ ነው። ስለ ጭብጥ እንነጋገራለን፤ ስለ መልእክት እንከራከራለን፤ የታተመው መጽሐፍ ለኅብረተሰቡ ያለውን ፋይዳ እንመዝናለን። ሐሳቡ በአእምሮ፣ ወረቀቱም በጠረጴዛ ላይ እያለ ታሪኩ ሳይጻፍ የሚቀርበትን ምክንያት የሚመረምር ሐያሲ ግን ጥቂት ነው። «ሐያሲ የሚመዝነው የተጻፈውን ነው፤ ያልተጻፈው አይመለከተውም» የሚል ይኖር ይሆናል። በእኛ አስተያየት ይህ አባባል አያስኬድም። የአንድ አገር ሥነ ጽሑፍ የሚለካው በታተሙት መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ሳይጻፉ በቀሩትም ጭምር ነውና።

ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚሻ ሰው «ሐሳብ አጣሁ» ሲል የሚሰማው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የሚበዛው እሮሮ «ሐሳቡስ ሞልቶኛል፤ ብዕር ሳነሣ ግን ይጠፋብኛል» የሚል ነው። ይህ ሰው ታሪኩን በቡና ላይ ሲተርከው አድማጭ ይመሰጣል፤ መቼ ትጨርሰዋለህ ተብሎም ይጠየቃል። ሌሊት ለብቻው ሲቀመጥ ግን ብዕሩ ከመጀመሪያው አንቀጽ አይዘልም። ለዚህ ችግር ዘወትር የሚሰጡት መልሶች ሦስት ናቸው፤ ስንፍና፣ የተሰጥኦ ማነስና የኑሮ ጣጣ። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ሆኖም ትጉህ፣ ባለ ተሰጥኦና ኑሮው የተደላደለ ሰውም በዚሁ ሕመም ሲያዝ ይታያልና ምክንያቱን ጠልቀን ልንፈልግ ይገባል። ይህ ጽሑፍ የሚያቀርባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ደራሲው በእጄ አለ የሚለው ሐሳብ ገና ታሪክ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሁሉ ነገር በአእምሮ ተሟልቶ እስኪያልቅ የመጠበቅ ልማዳችን ነው።

በመጀመሪያው እንጀምር። «ሐሳብ አለኝ» የሚለውን ጀማሪ ደራሲ ሐሳቡ ምን እንደ ሆነ ብንጠይቀው፣ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው መልስ ፍርድ ነው። «ድህነት ሰውን ያዋርዳል»፣ «ስደት አገር ያራቁታል»፣ «የባላባት ሥርዓት ግፈኛ ነበር» ይለናል። እነዚህ ሁሉ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ፍርድ የነገር መጨረሻ ነው፤ ታሪክ ግን ክርክሩ ገና ሳይዘጋ የሚሆነውን ሁሉ ይመለከታል። ከፍርዱ የሚነሣ ደራሲ ጉዞውን ከመድረሻው ስለሚጀምር የሚሄድበት መንገድ ያጣል። ብዕሩ የሚደርቀውም የሚጨምረው ነገር ስለሌለው ነው፤ ሊለው የሚችለውን ሁሉ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ብሎ ጨርሶታል።

ለዚህ መልካም አብነት የሚሆነን በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ይህን መጽሐፍ በአንድ ቃል ግለጹ ብንባል፣ የዘር ኩራትና የባላባት ሥርዓት የሰውን ልጅ ደስታ እንዴት እንደሚቀብሩ ያሳያል እንል ይሆናል። ደራሲው ግን ከዚህ አልተነሡም። የተነሡት ከአንድ ድሃ ቤት ነው፤ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ። እነዚህ ሰዎች የወለዱት ልጅ ጤናው የማይረጋ ሆነና ቢያድግላቸው ለእግዚአብሔር አገልጋይ እንዲሆን ተሳሉ። የታሪኩ ሞተር ይህች ስለት ናት። በዛብህ ባደገና በተማረ ቁጥር ሕይወቱን ያተረፈችው ስለት ሕይወቱን የምታስር ገመድ ትሆናለች። በሌላው ወገን ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥናት ባል ጠፋ እያሉ ጠያቂዎችን ሲመልሱ ዕድሜዋ ይነጉዳል። በዛብህ አስተማሪ ሆኖ ወደዚያ ቤት በገባ ጊዜ ስለትና የዘር ኩራት በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ። ከዚህ በኋላ ደራሲው የሥርዓቱን ግፍ በአዋጅ መናገር አያስፈልጋቸውም፤ አንዱ ክስተት ሌላውን እየጎተተ ግፉን ራሱ ያወጣዋል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሐሳብ በግልጽ አይነገርም ማለት ግን አይደለም። ጉዱ ካሣ ሐሳቡን ይናገራል፤ እንዲያውም ረዘም አድርጎ ይናገራል። ነገር ግን ደራሲው ይህን ሰው ከባላባቱ ዘመዶች መካከል አንሥተው፣ በወገኖቹ ዘንድ እንደ እብድ እንዲቆጠር አድርገውታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ንግግሩ ዋጋ ያስከፍለዋል። ሐሳብ በልብ ወለድ ውስጥ ሥጋና ደም የሚያገኘው ተናጋሪውን አንድ ነገር ሲያሳጣው ነው። ዳኛቸው ወርቁም በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «አደፍርስ» የወሰደው መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ወጣቱ አደፍርስ በየአጋጣሚው ይከራከራል፤ ይተነትናል። ደራሲው ግን ብቻውን እንዲያወራ አልተወውም፤ እነ ወይዘሮ አሰጋሽን በፊቱ አቆመበት። የእኚህ እመቤት ዓለም የራሱ ሕግና ክብር ያለው በመሆኑ የወጣቱን ሐሳብ ይገፋል፤ ይፈትናል። የመጽሐፉ አጻጻፍ ብዙ አንባቢን ማድከሙ ባይካድም፣ ሐሳብን ከባላጋራው ጋር ማጋጠሙ ዋና ጉልበቱ ነው።

ከዚህ የምንማረው ነገር ለተግባር የሚጠቅም ነው። ብዕሩ የደረቀበት ደራሲ ሊጠይቅ የሚገባው «ምን ልበል?» ብሎ ሳይሆን «ማን ምን ፈለገ? ማንስ ከለከለው?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ሲመለስ የሚጻፍ ነገር ይገኛል፤ ቤት፣ ሰዓት፣ የአንድ ሰው ልመናና የሌላው እምቢታ ይመጣሉ። ይህ እስኪሆን ድረስ ሐሳቡ ምንም ያህል ቢከብር ለድርሰት መነሻ እንጂ ድርሰት አይደለም።

እዚህ ላይ የትምህርት ቤቶቻችንና የባህል ተቋሞቻችን ድርሻ ሊነሣ ይገባዋል። ተማሪዎቻችን ድርሰት ሲማሩ በአመዛኙ የሚለማመዱት ርእስ ተቀብለው በመግቢያ፣ በሐተታና በመደምደሚያ አስተያየት መስጠትን ነው። ይህ ለማስረዳት ጠቃሚ ሥልት ቢሆንም ታሪክ መጻፍን አያስተምርም፤ የፍርድ አጻጻፍን ያስተምራል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ ጭብጥ ከላይ ተሰጥቶ ታሪክ ከታች እንዲሞላለት ይጠየቅ ነበር። በዚያ መንገድ ከተጻፉት ብዙዎቹ ገጸ ባሕርያታቸው እንደ ሰው ከመናገር ይልቅ መግለጫ የሚያነቡ መሰሉ። ልማዱ ከዘመኑ ጋር አብሮ አልሄደም። ዛሬም ለበዓልና ለዘመቻ በሚዘጋጁ የድርሰት ውድድሮች መልእክቱ አስቀድሞ ሲወሰን ይታያል። መልእክቱ ምንም ያህል ቢቀደስ ከታሪኩ በፊት ሲደርስ ታሪኩን ያስቀረዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከባህላችን ሥር የመጣ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ወጣት ነው፤ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በሮም ከታተመበት ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ቢቆጠር ዕድሜው ከአንድ መቶ ዓመት ያለፈው በጥቂት ነው። ከእርሱ ጎን የቃል ትረካና ቅኔ እጅግ አዛውንት ናቸው። ሁለቱም የሚያከብሩት በአእምሮ የተሟላውን ሥራ ነው። የቅኔ ተማሪ ከሰው ተለይቶ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ ብራና አይዝም። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃናም ሆነች ስምንት ቤት ያለው መወድስ ከተማሪው አፍ የምትወጣው በአእምሮው ከተበጀች በኋላ ነው። ይህ የሚያስደንቅ ጥበብ ነው። ነገር ግን ለስምንት ቤት የሚበቃው ዘዴ ለአራት መቶ ገጽ አይበቃም። ልብ ወለድ በልብ ተቆጥሮ አያልቅም፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ሳይጻፍ የሰባተኛውን እውነተኛ መልክ ማየት አይቻልምና። ሁሉ ነገር በልቡ እስኪሟላ የሚጠብቅ ደራሲ ዕድሜ ልኩን ይጠብቃል።

በዚህ ላይ የወግ ፈተና ይጨመራል። ታሪክን ለወዳጅ ማውጋት ደስ ይላል፤ ምላሹም ወዲያው ይገኛል። አድማጩ ይስቃል፤ ያዝናል፤ ያደንቃል። ደራሲው ግን ለመጻፍ ይገፋፋው የነበረውን ረኃብ በዚያች ሰዓት አስታገሠ ማለት ነው። በቃል ሲተረክ ፊት፣ እጅና ድምፅ የሚሸፍኑት ክፍተት በወረቀት ላይ ራቁቱን ስለሚታይም፣ ያን ያህል ያማረ የነበረው ታሪክ ለባለቤቱ የቀዘቀዘ ይመስለዋል። ያልቀዘቀዘው ታሪክ ነው፤ የጎደለው የተራኪው ፊት ነው። ያንን ጉድለት በቃላት መሙላት የደራሲነት ሥራ ይባላል።

ይሁንና ከቅኔ ቤት ልንወስደው የሚገባ፣ እኛ ግን የረሳነው ሌላ ሥርዓት አለ። እርሱም ነገራ ነው። ተማሪው የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ይናገራል፤ ይታረማል። ስሕተት መገኘቱ የትምህርቱ አካል እንጂ ውርደት አይደለም፤ ቅኔው ባያምርም መቅረብ አለበት። የዘመናችን ደራሲ ከአባቶች የወረሰው ቆጠራውን ብቻ ነው፤ ነገራውን ትቶታል። በልቡ ይቆጥራል፤ ጎዶሎውን ረቂቅ ለማቅረብ ግን ያፍራል። በጎጃም ቅኔ ቤቶች የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ ያን የመሰለ ሰፊ ልብ ወለድ መጻፋቸው የሚያሳየው፣ ቅኔ ለልብ ወለድ እንቅፋት አለመሆኑን ነው። እንቅፋቱ የቅኔን ግማሽ ብቻ መያዝ ነው።

የአለመጻፍን ጣጣ ራሱን የልብ ወለድ ጉዳይ በማድረግ በዓሉ ግርማን የሚያህል የለንም። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የ«ከአድማስ ባሻገር» አበራ ወርቁ በመሥሪያ ቤት ሥራና በጥበብ ምኞት መካከል የተወጠረ ሰው ነው። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. የወጣው «ደራሲው» ደግሞ ሲራክ የተባለ ደራሲን በመካከል አቁሞ የብዕርንና የኑሮን ትግል ያሳየናል። አበራ ከደጁ ያልገባ ሰው ነው፤ ሲራክ ገብቶ የሚንገላታ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ያነበበ ሰው የደራሲ ችግር ምኞትን በማግኘት እንደማያበቃ ይረዳል። የሚያሳዝነው ግን «ደራሲው» በወጣ ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ የብዙ አንባቢ ጥያቄ «ሲራክ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነውን?» የሚል ሆኖ መቅረቱ ነው። ሰው ፍለጋው መጽሐፉ ስለ ጽሕፈት የሚለውን ሸፈነው።

በዓሉ ከገጸ ባሕርያቱ ይልቅ በራሱ አሠራር ያስተማረን ይበልጣል። በ1966 ዓ.ም. «የኅሊና ደወል»ን አሳተመ፤ በኢሉባቦር ገጠር የሚታገል የወጣት መምህር ታሪክ ነው። ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ1975 ዓ.ም. ያንኑ ታሪክ አስፍቶና እንደ አዲስ ሠርቶ «ሀዲስ» ብሎ አወጣው። የታተመ መጽሐፍ እንኳ ለደራሲው የመጨረሻ ቃል ካልሆነ፣ በመሳቢያ ያለው ረቂቅ ፍጹም እንዲሆን የሚጠበቅበት ምክንያት ምንድን ነው? በዓሉ በ1966 ዓ.ም. ሐሳቡ እስኪበስል ልጠብቅ ቢል ኖሮ በ1975 ዓ.ም. የሚያሰፋው ነገር ባላገኘም ነበር።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ እውነት ሳንናገር ብናልፍ ሂሳችን ጎዶሎ ይሆናል። ዝምታ ሁሉ ከደራሲው የሚመነጭ አይደለም። በዚያው በ1975 ዓ.ም. የታተመው «ኦሮማይ» ከገበያ ተሰበሰበ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደራሲው ደብዛው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ብዕር አንሥቶ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ሰነፍ ነበር ማለት አይቻልም። ስለሆነም የሐያሲ ግዴታ ሁለቱን ዝምታ መለየት ነው፤ ፍርሃት የጫነውን ለሚመለከተው ክፍል፣ ልማድ ያመጣውን ለደራሲው ማሳሰብ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሐያሲ የተጎዳውን ይወቅሳል፤ አለዚያም ለሰነፉ ሰበብ ይሰጣል። በተቃራኒው የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ሳይታተም ብዙ ዓመት ቆይቶ ከአንባቢ ደርሷል። የቆየው ተጽፎ ስለነበር ነው። በወግ ብቻ ቀርቶ ቢሆን ከሰሚዎቹ ጋር ባለፈ ነበር።

እንግዲህ የሥራ ድርሻው ግልጽ ነው። መምህሩ ለተማሪው ከርእስ ይልቅ ሰውን ይስጠው፤ የሚፈልግና የተከለከለ ሰውን። የባህል ዘርፍ ካድሬውና ኃላፊው መልእክት አዘጋጅቶ ታሪክ ከማዘዝ ይልቅ ረቂቅ የሚነበብበትና ያለ ፍርሃት የሚታረምበት ጉባኤ ይክፈት፤ ነገራውን ይመልስ። ደራሲው ደግሞ ያሰበውን ከማውጋቱ በፊት በጎዶሎው ይጻፍ፤ ያቅርብ፤ ይታረም፤ እንደገና ይጻፍ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ ያማረውንና ያላማረውን አልለዩም። መውረስ የሚቻለው የተጻፈውን ብቻ ነው።